የመጋዘን ግድግዳ እርጥበት መነሻው ሳይታወቅ በልስን አይድንም

ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በምትገኘው በአሰላ ከተማና በጭላሎ ተራራ ዙሪያ ባሉት የአርሲ ደጋማ ቀበሌዎች የክረምቱ ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ይበረታል። በዚህ ወቅት የእህል መጋዘን ግድግዳ ከሥሩ ሲረጥብ፣ ልስኑ ሲፈረፈርና ጨው መሰል ነጭ ዱቄት ሲያወጣ ብዙውን ጊዜ የሚወሰደው እርምጃ እንደገና መለሰን ወይም ኖራ መቀባት ነው። ይሁን እንጂ የውኃው መነሻ ካልታወቀ የማኅበሩ ገንዘብና ጉልበት ይባክናል፤ ችግሩም በሚቀጥለው ክረምት ይመለሳል።

ጉዳቱ በግድግዳው ብቻ አይወሰንም። በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት (ካዱ) የተሻሻለ የስንዴ ዘር ካስፋፋ ወዲህ በአካባቢው ዘርን በሚገባ ማስቀመጥ ትልቅ ጉዳይ ሆኗል። ስንዴና ገብስ ለረጅም ጊዜ ሲከማቹ እርጥበታቸው ከመቶ 13 ባይበልጥ ይመረጣል። እርጥብ ግድግዳ ላይ የተደገፈ ጆንያ ግን ይሻግታል፤ ዘሩም የመብቀል ኃይሉን ያጣል። የብቅል ፋብሪካ ባለባት በአሰላ ደግሞ መብቀል የተሳነው የቢራ ገብስ ገበያውን አጣ ማለት ነው።

ከመሬት የሚነሳ እርጥበት የሚሠራው እንደ ኩራዝ ክር ነው። ክሩ ላምባውን ወደ ላይ እንደሚስብ ሁሉ ጡብና ጭቃም በውስጣቸው ባሉት ረቂቅ ቀዳዳዎች ውኃ ከመሬት ይስባሉ። ውኃ ይዞ የሚቆይ መረሬ አፈር ችግሩን ያባብሰዋል።

መነሻውን ለመለየት የሚከተሉትን ምልክቶች ማጤን ያስፈልጋል።

አንደኛ፣ እርጥበቱ ከወለሉ ተነስቶ እስከ አንድ ሜትር ገደማ በተስተካከለ መስመር ከታየ ከመሬት የመጣ ሳይሆን አይቀርም።

ሁለተኛ፣ ከላይ ወደ ታች የወረደ ከሆነ የተበሳ ቆርቆሮ ወይም የተደፈነ አሸንዳ መፈለግ ይገባል።

ሦስተኛ፣ በውጭ በኩል የግድግዳው ግርጌ ብቻ በጭቃ ከተረጨ ምክንያቱ ከጣራው የሚወርደው ጠፈጠፍ ነው።

አራተኛ፣ ምልክቱ ካልለየ የላስቲክ ቁራጭ በግድግዳው ላይ ዙሪያውን አጥብቆ ለጥፎ ሁለት ሦስት ቀን ማቆየት ይጠቅማል። ውኃው ከላስቲኩ በስተጀርባ ካላበ እርጥበቱ ከግድግዳው፣ በፊት ለፊቱ ካላበ ግን በቤቱ ውስጥ ከታፈነው አየር ነው። ለዚህኛው መድኃኒቱ መስኮት መክፈት ነው።

መነሻው ከታወቀ በኋላ ሥራው በቀላሉ መጀመር አለበት። በግድግዳው ሥር የተከመረውን አፈርና ፍግ ማንሳት፣ ውኃውን ከሕንፃው የሚያርቅ ቦይ መቅደድ፣ አሸንዳውን መጠገን ብዙ ወጪ አይጠይቅም። በጭቃ ግድግዳ ላይ ሲሚንቶ መለሰን ግን እርጥበቱ እንዳይወጣ አፍኖ ከፍ ወዳለው ክፍል ይገፋዋል፤ እንጨቱንም ያበሰብሳል። አዲስ መጋዘን ሲሠራ የድንጋዩን መሠረት ከመሬት ከፍ አድርጎ፣ በመሠረቱና በግድግዳው መካከል ወፍራም ላስቲክ ወይም ሬንጅ ማስገባት ይበጃል።

እስከዚያው ጆንያዎቹን ከግድግዳው አንድ ክንድ አርቆ በእንጨት ርብራብ ላይ መደርደር እህሉን ያተርፋል። ስለዚህ የማኅበራት መሪዎች ዝናብ በሚጥልበት ሰዓት መጋዘናቸውን ዞረው ቢመለከቱ፣ ቦዩንም ሰኔ ሳይገባ በግንቦት ቢያስቀድዱ፣ የአባሎቻቸውን የዓመት ልፋት ከሻጋታ ያድናሉ።