ሊመለስ የሚችል እርምጃ

ሰው ሲራመድ በየእርምጃው ትንሽ ይወድቃል። ሰውነቱ ወደ ፊት ይቀድማል፤ እግሩ ደርሶ ይደግፈዋል። ያላየነው ጉድጓድ የሚጥለንም ለዚህ ነው፤ እግራችን አየር ሲረግጥ ክብደታችን አስቀድሞ ሄዷል። ቻይናውያን «የውስጥ» ብለው የሚመድቧቸው ማርሻል አርቶች፣ ታይ ቺ፣ ሺንግ ዪና ባጓ፣ ይህን የልጅነት ልማድ ያስጥላሉ። የታይ ቺ ተማሪ ክብደቱን ሁሉ በአንድ እግሩ ላይ አሳርፎ ሌላውን ባዶውን ይዘረጋል፤ ተረከዙ መሬት ከነካ በኋላ ነው ክብደቱ ቀስ እያለ የሚሻገረው። መሬቱ ካላማረው እግሩን ይሰበስባል። ዶንግ ሃይቹዋን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ቤጂንግ ላይ ባስተማረው ባጓ ደግሞ ተማሪው በጭቃ እንደሚሄድ ሰው እግሩን ብዙም ሳያነሳ ክብ ይዞራል። «ውስጥ» የሚለው ቃል ብዙ ምሥጢር ተጭኖበታል፤ ለእኔ ግን ከሁሉ በፊት የሚታየኝ ይህ ሊመለስ የሚችል እርምጃ ነው።

የአቋም ትምህርቱም የመጣው ለእርምጃው ሲባል ነው። ደረቱን የነፋ፣ መቀመጫውን ወደ ኋላ የገፋ ሰው በአንድ እግር ቆሞ ሌላውን በእርጋታ ማሳረፍ ይቸግረዋል። ስለዚህ አናት ከላይ እንደተንጠለጠለ ይቀናል፣ ትከሻ ይረግባል፣ ወገብ ይላላል። መዞር ያለበት ጭን ከዳሌ የሚገጥምበት ቦታ ነው፤ ጉልበት የእግር ጣቶች ወደሚያዩበት ብቻ ይታጠፋል። አማርኛ መገጣጠሚያውንም ኃይሉንም «ጉልበት» ማለቱ እዚህ ላይ ያሳስታል፦ ጉልበቱን የሚያጣምም ጀማሪ የሚያተርፈው ሕመም ነው።

ብዙ መምህራን ይህን ሁሉ የሚያስረዱት ቺ በሚሉት ኃይል ነው፤ ነገሩን ወደ አጥንትና መሬት ማውረድ ጥበቡን ማራቆት የሚመስላቸው አሉ። ይሁን፤ ሚዛን ግን ይለካል። እ.ኤ.አ. በ2012 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የወጣ ጥናት 195 የፓርኪንሰን ሕሙማንን በሦስት ከፍሎ ለ24 ሳምንታት ታይ ቺ፣ የጡንቻ ማጠንከሪያና ማፍታቻ አሠራቸው። በሚዛን የታይ ቺዎቹ ሁለቱንም በለጡ፤ በመውደቅ ብዛት ግን የተሻሉት ከማፍታቻ ሠሪዎቹ ብቻ ነበር።

ከባዱ ተቃውሞ ከፍልሚያ ሜዳ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2017 ቼንግዱ ውስጥ ሹ ሺያኦዶንግ የተባለ የኤም ኤም ኤ (የቅይጥ ማርሻል አርት) ተፋላሚ አንድ የታይ ቺ መምህርን ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ዘረረው። በዝግታ መራመድ ብቻውን ተፋላሚ አያወጣም፤ ይህን መካድ ከንቱ ነው። ሆኖም ያ ቀን ያጋለጠው የሚገዳደር ሰው የሌለበትን ልምምድ ይመስለኛል። ታይ ቺ ለዚሁ ቱይሾው የሚባል መገፋፋት አለው፦ ሁለት ሰዎች ክንድ ለክንድ ይገጥማሉ፤ በቋሚ እግር በሚደረገው ዓይነት እግሩን ከቦታው ያነቃነቀ ይሸነፋል።