ባነር አታሚው አይስማ

ቀረብ በሉማ። ድምፄን ዝቅ የማደርገው ባነር አታሚዎቹም ሞንታርቦ አከራዮቹም ወዳጆቼ ስለሆኑ ነው። እነሱ ባሉበት የማላወራው ነገር አለ።

ደሴ ፒያሳ ላይ አዲስ ሱቅ ሊመረቅ ነው እንበል። ባለቤቱ መጀመሪያ የሚያዘው ምንድን ነው? ባነር። ትልቅ፣ የራሱ ፎቶ ያለበት። ቀጥሎ ሞንታርቦ የተጫነባት መኪና ትመጣለች፤ ከሙጋድ እስከ ቧንቧ ውሃ ስትጮህ ትውላለች። ሕፃናቱ ይጨፍራሉ፣ ከተማው ሁሉ ይሰማል። የምርቃቱ ዕለትስ? ከወንበሩ ግማሹ ባዶ!

ሰው ሳይሰማ ቀርቶ እንዳይመስላችሁ። ሰምቷል፣ ደስም ብሎታል። ከዚያ ረሳው። ባነሩ ከሁለት ሳምንት በፊት ነግሮታል፤ ዋዜማው ላይ ግን «ነገ ነው እኮ» ያለው የለም። ድግስ ስናዘጋጅ የምንኖር ሰዎች በሹክሹክታ የምንነጋገረው ይህንኑ ነው፦ ብሩ የሚያልቀው በጩኸቱ ላይ ነው፤ እንግዳውን ከቤቱ የምታስወጣው ግን ዋዜማ ላይ የምትደርሰው ርካሿ ማስታወሻ ናት። ንጉሥ ሚካኤል አይጠየፍን የሚያህል የግብር አዳራሽ ባቆሙባት ከተማ፣ ለእንግዳ መቀበያው እየተጨነቁ እንግዳውን መርሳት ያሳፍራል።

አሁን የምንደብቀውን ዕቃ ላሳያችሁ። በካሸሯ መሳቢያ ውስጥ ያለች ደብተር ናት። ስም፣ ስልክ፣ ምን እንደገዛ፣ በስንት ሰዓት ቢደወልለት እንደሚመቸው። ይኸው ነው። የምትሞላበትም ብልሃት አለው። «ስልክዎን ይመዝገቡልን» ያላችሁት ደንበኛ ፈገግ ብሎ ይሄዳል። «እትዬ፣ ለዒድ አዲስ ዕቃ ሲገባ ልንገርዎ?» ብላችሁ ጠይቁ እስቲ። ቁጥራቸውን ነግረው የልጃቸውንም ያስጨምራሉ።

ደብተሯ ከተሞላች በኋላ መልእክት መላክ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ነጋዴ ሳያውቀው እጥፍ ይከፍላል። አንድ አጭር መልእክት በላቲን ፊደል 160 ሆሄ ይይዛል። በእኛ ፊደል ስንት? 70 ብቻ! ክፍተቱም አራት ነጥቡም ይቆጠራል። 71ኛው ሲገባ መልእክቱ ለሁለት ይከፈላል፣ ሒሳቡም እንደዚያው። «ክቡራንና ክቡራት ደንበኞቻችን፣ በታላቅ ደስታና አክብሮት» ብሎ የጀመረ ሰው ቦታውን ሳይናገር 70ው ሊያልቅበት ነው። ይህን የሰሙ አንዳንድ ብልጦች አማርኛውን በላቲን ይጽፉታል። ተዉት። እናቶቻችን እሱን ለማንበብ አይታገሉም፤ ደግሞም የእኛ አንድ ሆሄ አብዛኛውን ጊዜ የላቲኑን ሁለት ይተካል፤ 70ው እንደሚመስለው ጠባብ አይደለም። እዩት፦

«ነገ እሁድ ከቀኑ 8 ሰዓት የፒያሳው ሱቃችን ይመረቃል። ከመጡ 1 ብለው ይመልሱልን።»

ቁጠሩት፣ 52 ነው። ለሱቁ ስም 18 ይተርፋል። ያቺ «1» ደግሞ ዝም ብላ የገባች አይደለችም። 1 ብሎ የመለሰ ሰው ቃል ሰጥቷል፤ ወሎዬ ደግሞ ቃሉን ማጠፍ ይከብደዋል። መልሱ እንዲደርሳችሁም ከራሳችሁ ቁጥር ላኩት። ትልቅ ድርጅት ከሆናችሁ በኢትዮ ቴሌኮም በኩል በጅምላ የሚላክበት አገልግሎት አለ፤ ለአንድ ጫማ ቤት ግን የስልኩ የመልእክት ጥቅል ይበቃዋል። ከአጭር ቁጥር የሚመጣውንማ ሰው ዕጣ ነው ብሎ ሳያነብ ያጠፋዋል።

ቃላት ብቻ በመለወጥ ምን ያህል ሰው እንደሚመጣ ለንደን ውስጥ ተፈትኗል። በባርትስ ሆስፒታሎች የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ነው። በተለመደው ማስታወሻ ከቀጠሮ የሚቀረው ሕመምተኛ 11.1 በመቶ ነበር። መልእክቱ ላይ አንድ ሰው ከቀጠሮ ሲቀር የአገሪቱ የጤና አገልግሎት የሚያጣውን ገንዘብ ሲጽፉበት ወደ 8.4 በመቶ ወረደ። ወደ እኛ ሲመጣ «ወንበርዎና ምሳዎ ተይዟል» ማለት ነው። የተያዘለትን ትቶ መቅረት ማንንም ይከብደዋል።

ሰዓቱንስ? ደሴና ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢራራቁም በተመሳሳይ ሰዓት አይጠሩም። ደሴ ላይ ዓርብ በጁምዓ ሰዓት፣ እሁድ ጠዋት በቅዳሴ ሰዓት አትላኩ። በረመዳን ከተራዊህ በኋላ ይሁን። ኮምቦልቻ ደግሞ ጨርቃ ጨርቁ፣ ቆዳ ፋብሪካው፣ ቢራ ፋብሪካው፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩም አለ፤ በፈረቃ የሚሠራ ሰው ስልኩን የሚያየው ሲወጣ ነው። ሰኞ ላይ የኮምቦልቻን ነጋዴ አትጥሩ፤ ባቲ ገበያ ወርዶ ይሆናል።

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ለምትጠሩት እንግዳ ደግሞ አንድ ነገር አትርሱ፦ ማብቂያውን ጻፉለት። «እስከ 11 ሰዓት» ሲባል የሐረጎን ቁልቁለት ሳይመሽበት ወርዶ ቤቱ እንደሚገባ ያውቃል። ስንቱ የሚቀረው መመለሻው አስጨንቆት እንደሆነ ብታውቁ ትገረማላችሁ። «2፡00» ብላችሁም አትላኩ። በፈረንጅ ሰዓት የሚሠራ መሥሪያ ቤት ውስጥ ያለው ከምሳ በኋላ ይመጣል፣ እናቱ ጠዋት ይመጣሉ።

ከሁሉ የምወደው ግን የጥሪ ማሳመሪያው ነው። ደንበኛ ሲደውልላችሁ ዘፈን ከሚሰማ «እሁድ ከቀኑ 8 ሰዓት እንዳትቀሩ» የሚል የራሳችሁን ድምፅ ይስማ። ሰውዬው የደወለው ዋጋ ሊጠይቅ ነው፣ ቀኑንም ይዞ ይሄዳል።

ቴሌግራሙስ ነፃ አይደል እንዴ? ትሉኛላችሁ። ነፃ ነው፣ ተጠቀሙበት። ግን የሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ አይረሳችሁ፤ ክልላችን ውስጥ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆይቷል። ያኔ ቻናሉን ብቻ የያዘ ነጋዴ ደንበኞቹን በአንድ ቀን አጣ፤ ደብተር የነበረው መደወሉን ቀጠለ።

ኔትወርኩም እንቢ ካለ ሰው አለ። የሰፈሩ ባጃጅ ነጂ፣ የጀበና ቡና የምታፈላው። አንድ ቀን ሙሉ የሚያዩትን ሰው ብዛት አስቡት። አስቀድማችሁ ጋብዟቸው፣ ከዚያ የጥሪ ካርዶች ስጧቸው። የተጋበዘ ሰው ከልቡ ነው የሚያወራው። አንድ የማይታለፍ መስመር ግን አለ፦ የእድርን ለፋፊ ለሱቅ አታስለፍፉ። ያ ድምፅ ሲሰማ ሰው ማን ሞተ ብሎ ይደነግጣል፤ በእሱ መነገድ ነውር ነው።

ሌላም ልመና አለኝ። ደብተሯ ስትወፍር ሌላ ነጋዴ «ቁጥሮቹን አውሺኝ» ወይም «ሽጪልኝ» ይላል። አይቀርም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰውን መረጃ ያለ ፈቃዱ ማስተላለፍን ይከለክላል። አዋጁ ባይኖርም እትዬ ቁጥራቸውን የሰጡት ለእናንተ ነው። እንቢ በሉ።