እድር ሳይሰበሰብ ሲቀር

እድር የሰፈር ሰዎች በየወሩ ገንዘብ እያዋጡ፣ ሐዘን ሲደርስ ድንኳን ተክለው ከሐዘንተኛው ጋር የሚቀመጡበት ማኅበር ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ቫይረስ በአገራችን ተገኘ፤ በወሩ መጨረሻ በታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅም የብዙ ሰው ስብሰባ ተከለከለ።

ያን ጊዜ ሁለት ጥያቄዎች መጡ፦ ሐዘንተኛውን ማን ያጽናናው? ሥራው የቆመበት ጎረቤትስ መዋጮውን ከየት ያምጣ? እድሩ የአባላት መዝገብ አለው፤ ማን ብቻውን እንደሚኖር፣ ማን በዕለት ገቢ እንደሚተዳደር ያውቃል። ስለዚህ በስልክ መጠየቅ፣ ከደጃፍ ቆሞ ማጽናናት፣ የመዋጮውን ጊዜ ማራዘም ይቻላል።

ወገኖች፣ «ቤተ ክርስቲያን ትቀብረኛለች» ብለን ከእድር የራቅን አለን። በር ሲዘጋ ግን ቅርብ የሚገኘው ጎረቤት ነው። በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ ተገኙ፤ ማን እንደቀረም ጠይቁ።