ጨረቃና የአልዌሮ ግድብ

የሰው ልጅ ሐምሌ 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ጨረቃን ከረገጠ ወዲህ በየዘመኑ የሚነሣ አንድ ክርክር አለ። ይኸውም «መንግሥታት ሰውን እንደ ገና ወደ ጨረቃ ለመላክ የሕዝብን ገንዘብ ሊያወጡ ይገባቸዋልን?» የሚለው ነው። ጥያቄው የባለጠጎችን አገሮች ብቻ የሚመለከት ይመስል ይሆናል። ነገር ግን በጀት የሚደለድልና መዝገብ የሚጠብቅ የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ የሕዝብ ገንዘብ በምን ሚዛን ሊመዘን እንደሚገባ ማሰብ ግዴታው ስለ ሆነ፣ ነገሩ እርስዎንም ይመለከታል።

አስቀድመን ወጪውን እንመልከት። አሜሪካ ለአፖሎ ጉዞዎች 25 ቢሊዮን ዶላር ያህል አውጥታ 12 ሰዎች ጨረቃን እንዲረግጡ አድርጋለች፤ እነርሱም 382 ኪሎ ግራም ድንጋይና አፈር ይዘው ተመልሰዋል። ሰውን ወደዚያ ለመመለስ የተያዘው ውጥን አርጤምስ ይባላል። የናሳ ዋና ተቆጣጣሪ በ2014 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ፣ የዚህ ውጥን ወጪ እስከ 2025 እ.ኤ.አ. ድረስ 93 ቢሊዮን ዶላር እንደሚደርስ ገምቶ ነበር።

የጉዞው ደጋፊዎች፣ ከጨረቃ የመጣው ድንጋይ የምድርንም የጨረቃንም ጥንታዊ ታሪክ እንዳስተማረ፣ የሠለጠነ ሰውም በጥቂት ሰዓት መርጦ የሚያነሣውን መሣሪያ በብዙ ቀን እንደማያገኘው ይናገራሉ። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ ቻይና በታኅሣሥ ወር 2013 ዓ.ም. አንድም ሰው ሳትልክ 1,731 ግራም የጨረቃ አፈር ማስመጣቷን ይጠቅሳሉ። ሁለቱም ወገኖች የሚናገሩት እውነት ነው። ይሁን እንጂ ለፍርዱ የሚረዳን ሌላ ማስረጃ አለ።

ምድርን ከጠፈር እየተመለከተች ፎቶግራፍ እንድታነሣ የተሠራችው፣ በኋላ ላንድሳት የተባለችው ሳተላይት፣ በሐምሌ ወር 1964 ዓ.ም. ተላከች። የመጨረሻዎቹ የአፖሎ ተጓዦች ጨረቃን የረገጡት ከአምስት ወር በኋላ፣ በታኅሣሥ 1965 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ በጨረቃ ላይ የሰው እግር ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ሳይታይ ሲቀር፣ የላንድሳት ተከታዮች ግን ምድርን መመልከት አላቋረጡም። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮም ሥዕላቸው ለዓለም ሁሉ ያለ ዋጋ ይሰጣል። ደግሞም የላንድሳት ሐሳብ በከፊል የተወለደው የጠፈር ተጓዦች ወደ ታች ካነሧቸው ፎቶግራፎች ስለ ሆነ፣ ወደ ላይ የተደረገው ጉዞ ከንቱ ነበር ማለት አይቻልም።

እንግዲህ ይህ ለአገራችን ምን ይጠቅማል? ዓይንዎን ወደ ጋምቤላ፣ ወደ አቦቦ ይመልሱ። ባሮና አልዌሮ ከምዕራብ ደጋዎች ወደዚህ ዝቅተኛ ሜዳ ይወርዳሉ። ስለዚህ በወንዝ ዳር በቆሎና ማሽላ የሚዘራው የአኙዋ ገበሬ፣ ሲወርድ ያላየው ዝናም ጎርፍ ሆኖ ይደርስበታል። ማስጠንቀቂያው አስቀድሞ ከደረሰው ልጆቹንና እህሉን ያሸሻል፤ ከዘገየበት ግን የዓመት ድካሙን ያጣል።

ኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሳተላይቷን፣ 72 ኪሎ ግራም የምትመዝነውን፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና አገር ከታይዩዋን ሰድዳለች። ከ7 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከሆነው የመሥሪያዋ ዋጋ 6 ሚሊዮኑን ያህል የከፈለችው ቻይና ስትሆን፣ ሳተላይቷን ለመቆጣጠር የተሠራው ጣቢያ እንጦጦ ላይ ነው። ነገር ግን የሳተላይቷ ካሜራ የሚያየው በፀሐይ ብርሃን ነበርና፣ ጎርፍ በሚያሰጋበት በክረምት ደመናው ምድሪቱን ይጋርድበታል። ደመናን ዘልቆ የሚያየው ራዳር ነው። አውሮጳውያን በ2006 ዓ.ም. የላኩት ሴንቲነል 1 የራዳር ሥዕሉን ለሁሉ በነጻ ስለሚሰጥ፣ የምንፈልገውን ሁሉ በገንዘባችን መግዛት አያስፈልገንም።

መሣሪያ መገኘቱ ብቻ ግን አይበቃም፤ ለዚህም ምስክሩ አቦቦ ራሱ ነው። በደርግ ዘመን፣ ሰውን መጀመሪያ ወደ ጠፈር በላከችው በሶቪየት ኅብረት እርዳታ፣ 10,000 ሄክታር ያህል መሬት እንዲያጠጣ ታስቦ በአልዌሮ ወንዝ ላይ ግድብ ተሠራ። ግድቡ ቆመ፤ ውኃውም ተጠራቀመ። ይሁን እንጂ ውኃውን ወደ እርሻው የሚያደርሰው የመስኖ ቦይ ስላልተዘረጋ፣ ያ ሁሉ ውኃ ለብዙ ዓመታት ከታሰበለት ሥራ ሳይውል ቆየ። ሥዕሉን አንብቦ ለወረዳው በጊዜው የሚያስታውቅ ሰው የሌለው ሳተላይትም ቦይ እንደሌለው ግድብ ነው።

ስለዚህ ፍርዳችን ይህ ነው። ባለጠጎቹ መንግሥታት ዕውቀቱን ለዓለም ሁሉ እስካካፈሉ ድረስ በራሳቸው ሀብት ሰውን ወደ ጨረቃ ቢልኩ የሚነቀፉ አይደሉም። የእኛ መንግሥት የጠፈር ገንዘብ ግን አስቀድሞ ሥዕሉን ለሚያነብ ባለሙያና ከአዲስ አበባ እስከ አቦቦ ቀበሌ ማስጠንቀቂያውን ለሚያደርስ መሥመር ሊውል ይገባል፤ የራሳችንን ሳተላይት መሥራት ከዚያ ይከተላል።

እንግዲህ፣ የተከበሩ አንባቢ፣ እንዲህ ያለ ውጥን ከጠረጴዛዎ ላይ በቀረበ ጊዜ፣ ምን ያህል ከፍ ብሎ እንደሚወጣ ከመጠየቅዎ በፊት ጥቅሙ ለማን፣ በስንት ቀን እንደሚደርስ ይጠይቁ። ያለዚያ ተረቱ እንደሚለው ሩቅ አሳቢ ቅርብ አዳሪ ሆነን እንቀራለን።