ገላን መፋቅ፦ የቱ ዘዴ ለየትኛው ቆዳ?

የሰው ልጅ ቆዳ ራሱን በራሱ የሚያድስ ነው። የላይኛው የቆዳችን ክፍል ከሥሩ አዳዲስ ሕዋሳትን እያበቀለና ያረጁትን ወደ ላይ እየገፋ በአንድ ወር ገደማ ይታደሳል። ያረጁትም ሕዋሳት አብዛኛውን ጊዜ ሳይታዩ ይረግፋሉ። ሆኖም አቧራ፣ ደረቅ አየርና የጫማ ግፊት ሲበረታ የሞተው ቆዳ ተከማችቶ ገላን ያሻክራል፤ ተረከዝንም ያደነድናል። እንግዲህ ገላን መፋቅ ማለት ተፈጥሮ የጀመረችውን ሥራ ማገዝ እንጂ ሕያው ቆዳን መላጥ አለመሆኑን ከሁሉ አስቀድመን ልንገነዘብ ይገባናል።

የመፋቂያ ዘዴዎች በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው በመፈተግ ሲሆን፣ ቃጫ፣ ሸካራ ጨርቅ፣ የእግር መፋቂያ ድንጋይና በማር የተለወሰ ስኳር በዚህ ሥር ይመደባሉ። ሁለተኛው በማላላት ነው። በእርጎ ውስጥ ያለው ላክቲክ አሲድ፣ ከሸንኮራ አገዳ የሚገኘው ግላይኮሊክ አሲድ፣ እንዲሁም ሳሊሲሊክ አሲድ የሞቱት ሕዋሳት የተያያዙበትን ማሰሪያ አላልተው ያረግፏቸዋል።

ምርጫው በገላው ክፍል ይወሰናል። የእግር ቆዳ ወፍራም በመሆኑ ድንጋይ ይስማማዋል። እግርን ለብ ባለ ውኃ ዐሥር ደቂቃ ያህል ዘፍዝፎ በቀስታ መፋቅ፣ በጣቶች መካከል ሳይቀር ማድረቅ፣ ከዚያም ተረከዙን ቫዝሊን መቀባት በቂ ነው። የደነደነን ቆዳ በምላጭ መቁረጥ ግን ቁስልና መመርቀዝን ያስከትላል። በረጅም ጉዞ ዋዜማም ፈጽሞ ማንሳት አይገባም፤ መጠነኛው ድንዳኔ ለወታደር እግር ጋሻ ነውና።

ፊት እንደ እግር አይደለም። ጠጉራችን ጥቅል በመሆኑ ከተላጨ በኋላ ጫፉ ተመልሶ ቆዳ ውስጥ እየገባ አገጭንና አንገትን በሽፍታ ይሞላል። ይህን ሽፍታ በኃይል የሚፈትግ ሰው ችግሩን ያባብሳል። ጠቆር ያለ ቆዳ በተጎዳ ቁጥር ለወራት የሚቆይ ጥቁር ምልክት ይይዛልና። ስለዚህ ለስላሳ ጨርቅ ወይም ኃይሉ አነስተኛ የሆነ ሳሊሲሊክ አሲድ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ መጠቀም ይመረጣል። ሎሚ ፊት ላይ መቀባት የተለመደ ቢሆንም፣ ጭማቂው ሳይታጠብ ፀሐይ ቢያርፍበት ቆዳን ያቃጥላል።

በሰሜኑ የአገራችን ክፍል እናቶቻችን ገላቸውን ቅቤ ተቀብተው የሚሞቁት የወይባ ጢስም የላይኛውን ቆዳ የሚያረግፍ ነባር ጥበብ ነው። ይሁን እንጂ በተዘጋ ቤት ውስጥ የሚነድ እንጨት ሰውን አፍኖ ሊገድል ስለሚችል በርና መስኮት ሊከፈት ይገባል።

ከሁሉ የከፋው አደጋ «ቆዳ ያድሳል» እየተባለ የሚሸጠው ፊት የሚያነጣ ቅባት ነው። አንዳንዱ በአማርኛ ባዜቃ የሚባለውን ሜርኩሪ ይዟል። ሜርኩሪ በቆዳ ሰርጎ ኩላሊትን ይጎዳል፤ ከእናት ወደ ፅንስ ይተላለፋል፤ በእጇም አማካይነት ሌላውን ልጅ ይደርሰዋል። በ2013 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የሚናማታ ዓለም አቀፍ ስምምነት ሜርኩሪ የተጨመረባቸው እንዲህ ያሉ ቅባቶችና ሳሙናዎች እንዳይመረቱና በአገሮች መካከል እንዳይነገዱ ደንግጓል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚቀባ ብርቱ ስቴሮይድም ቆዳን ያሳሳል። ስለዚህ የያዘው ነገር በግልጽ ያልተጻፈበትን ቅባት አለመግዛት ተገቢ ነው።

በዚህ ረገድ ባሎችም ከኃላፊነት ነፃ አይደሉም። «እገሊት እንዴት ቀላች!» የሚል አንድ ቃል ሚስትን ወደዚያ ብልቃጥ ሊመራት ይችላልና፣ አንደበታችንን እንጠብቅ።

በመጨረሻም፣ አዲስ ዘዴ ሁሉ በቅድሚያ በክንድ ላይ ይሞከር፤ አንድ ቀንም ይጠበቅ። ካቃጠለ ይቁም። የቆሰለ ወይም የቆጣ ቆዳ አይፈተግ፤ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ እንጂ። ከተፋቁ በኋላ ቅባት መቀባትና ከፀሐይ መከላከልም አይዘንጋ። ጤናማ ገላ መልኩ ምንም ይሁን ምን ያማረ ነው።