ሁለቱ ሐዲዶች እንዳይጣሉ

ገዳሪፍን ከካሰላ የሚያገናኘውን የባቡር ሐዲድ ያየ ተማሪ ሁሉ ሁለቱ ብረቶች እንደማይቀራረቡና እንደማይራራቁ ያውቃል። በመካከላቸው ያለው ስፋት 1067 ሚሊሜትር ነው። በኮምፒዩተር እየታዘዘ እንጨት የሚቀርጸው ሲኤንሲ ራውተርም የሚሄደው በሁለት ሐዲድ ላይ ነው። ባቡር ጥቂት ሚሊሜትር ይታገሳል፤ ይህ ማሽን ግን የሚሊሜትር አሥረኛም ይከብደዋል። ሐዲዶቹ ከተጠባበቡ ይነክሳል፣ ኩሽኔታውም ቶሎ ያልቃል።

በመጀመሪያ አንዱ ሐዲድ ብቻ ቀጥ ካለ ብረት ጋር ተስተካክሎ ይጠብቃል። ሁለተኛው ላላ ተደርጎ ይታሰራል። ከዚያ በሁለቱ ላይ የሚሄደው ድልድይ በእጅ ቀስ ብሎ እየተገፋ፣ በደረሰበት ያለው ብሎን ይጠብቃል። የሁለተኛውን ሐዲድ ቦታ የሚወስነው ሜትሮ ሳይሆን ድልድዩ ነው ማለት ነው።

ሜትሮ የሚያስፈልገው ለማዕዘኑ ነው። እዚህ ላይ የፓይታጎረስ ትምህርት እንጀራ ያበላል! 1200 በ2400 ሚሊሜትር የሆነ ጠረጴዛ፣ ከጥግ ወደ ተቃራኒው ጥግ ሲለካ ሁለቱም 2683 ሚሊሜትር ገደማ መምጣት አለባቸው። አንዱ ከረዘመ ድልድዩ ዘሞ ይቆማል፤ በቁም ሣጥን በር ላይ የሚቀረጸው ክብ እንቁላል ይመስላል፣ የጣውላው ዋጋም ከባለሙያው ኪስ ይወጣል።

በእኛ አገር ሙቀት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ሙቀቱ በ20 ዲግሪ ሲጨምር 1 ሜትር አሉሚኒየም 0.46 ሚሊሜትር ገደማ ይረዝማል፣ ብረት ግን 0.24 ብቻ። ስለዚህ ንጋት ላይ በአሉሚኒየም ፍሬም የታሰረ የብረት ሐዲድ ከቀትር በኋላ ሊጎብጥ ይችላል። ማሽኑ ከፀሐይ ርቆ፣ በሚሠራበት ሰዓት ሙቀት ቢታሰር ይሻላል። የባቡር ሐዲድ መጋጠሚያ ላይ ትንሽ ክፍተት የሚተወውም ለዚሁ ሙቀት ነው።