የቤት አየርና የማድ ቤት ጭስ፤ ምድጃ መቼ ይጠገናል? መቼስ ይለወጣል?

ሰው ያለ ምግብ ብዙ ቀን፣ ያለ ውሃም ጥቂት ቀን ሊቆይ ይችላል፤ ያለ አየር ግን ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይቆይም። ይህን የማያውቅ የለም። ነገር ግን ለምግቡ ሞሰብ፣ ለውሃውም እንስራ የሚያዘጋጅ ቤተሰብ ለአየሩ ምን አዘጋጀ ብለን ብንጠይቅ፣ በብዙ ቤት መልሱ «ምንም» ነው። ስለዚህ በዚህች ወረቀት ለቦንጋና ለካፋ ዞን ቤተሰቦች ስለ ቤት አየር፣ ይልቁንም አየሩን ስለሚያበላሸው ስለ ምድጃው ጭስ፣ ምድጃውም ሲጎዳ መጠገን ወይስ መለወጥ ይሻላል ስለሚባለው ነገር እንጽፋለን።

በቆላ አገር፣ ለምሳሌ በጋምቤላ ወይም በሠመራ፣ የቤት አየር ሲባል ሰው ቶሎ የሚያስበው በኤሌክትሪክ የሚሠራውን አየር ማቀዝቀዣ ነው። እሱ ሲበላሽ ይጠገን ወይስ ይጣል ብሎ መጨነቅ የዚያ አገር ሰው ጣጣ ነው። ደግሞም መሣሪያው በመጀመሪያ የተሠራው ሙቀት ለመሸሽ ብቻ አልነበረም፤ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1902 ዓ.ም. ዊሊስ ካሪየር የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ፣ በኒውዮርክ ብሩክሊን አንድ ማተሚያ ቤት ወረቀቱ በእርጥበት እየተለጠጠ ሥራ ስላስቸገረ፣ የቤቱን እርጥበት ለመቀነስ ያሰበው ነው። ለእኛም የሚቀርበን ይኸው የእርጥበት ነገር ነው። ቦንጋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች፣ ደን የከበባት፣ ዝናብ የሚበዛባት ከተማ ናት። በሐምሌ ጉም ቤት ድረስ ይገባል፤ ልብስ በሦስት ቀን አይደርቅም። እንግዲህ የካፋ ቤት የአየር መሣሪያ ምድጃው ነው ማለት ነው። ያሞቃል፣ ያደርቃል፣ ያበስላል። ጭሱንም የሚሰጠን እሱ ራሱ ነው።

የማገዶ ጭስ ዓይን የሚያስለቅስ ነገር ብቻ አይደለም። በውስጡ በዓይን የማይታዩ እጅግ የደቀቁ ብናኞች አሉ፤ እነዚህ በአፍንጫ ጠጉር ሳይያዙ እስከ ሳንባው ጥግ ድረስ ይወርዳሉ፤ ከፊላቸውም ወደ ደም ያልፋሉ። በሕፃናት ላይ የሳንባ ምችን፣ በአዋቂዎች ላይ የማይለቅ ሳልንና የትንፋሽ ማጠርን፣ የልብ ሕመምን፣ በአንጎል ውስጥ የደም መፍሰስን ወይም መዘጋትን፣ የሳንባ ካንሰርን ያመጣሉ፤ የዓይን ሞራም ከጭሱ ጋር ግንኙነት አለው። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2020 ዓ.ም. ብቻ በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት በዓለም 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል፤ ከእነዚህም ከ237,000 የሚበልጡት አምስት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ናቸው። ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። በኢትዮጵያ ከአሥር ቤተሰብ ዘጠኙ የሚያበስለው በእንጨት፣ በከሰል፣ በኩበት ወይም በእንዲህ ያለው ነገር ነው። ጭሱንም ከሁሉ አብልጠው የሚጠጡት እናትና በጀርባዋ ያዘለችው ልጅ መሆናቸውን ማንም ቤቱ ገብቶ ሊያየው ይችላል።

በገጠር ቀበሌዎች ስንዞር ሽማግሌዎች «ጭሱ እኮ ቤቱን ያቆየዋል» ይሉናል። እውነት አላቸው። ጭስ የሣር ክዳኑን ከነቀዝና ከመበስበስ ይጠብቃል፤ ከምድጃው በላይ የተሰቀለውን በቆሎ ያደርቃል። ይህን ጥቅም አንክድም። ነገር ግን ሣሩን ያቆየው ጭስ ሳንባውን አያቆይም። ደግሞም ጭሱ ወባን ያባርራል ብሎ መታመን አይገባም፤ በጎጀብ ሸለቆ በኩል ያሉ የቆላ ቤተሰቦች ሊታመኑበት የሚገባቸው አጎበሩን ነው። ሌላም ነገር እንጨምር፤ በሣር ቤት ጭሱ በክዳኑ ውስጥ ጥቂት ጥቂት እያለ ይወጣል። አሁን ግን ብዙ ሰው ወደ ቆርቆሮ ቤት ገብቷል፤ ግድግዳውን በጭቃ አጥብቆ መርጎ፣ ከላይ ኮርኒስ ወጥሮ፣ ያንኑ ሦስት ጉልቻ ከመካከል ያስቀምጣል። ቤቱ አምሯል፤ አየሩ ግን ከአያቱ ቤት ይልቅ ከፍቷል።

ስለ ከሰል

ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራው የማይታየው ጭስ ነው። ከሰል ሲቀላ ጭስ ስለማይታይበት ሰው ንጹሕ ይመስለዋል፤ ቡና ከተፈላ በኋላም ምድጃውን ከነፍሙ ወደ መኝታ ክፍል አስገብቶ፣ በርና መስኮቱን ዘግቶ ይተኛል። ከሰሉ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ጋዝ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። በደማችን ውስጥ ኦክሲጅንን የሚሸከመውን ክፍል ከኦክሲጅኑ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል፤ ስለዚህ ሰውዬው እየተነፈሰ አየር ያጣል ማለት ነው። ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የጉልበት መክዳት ነው። የተኛ ሰው ግን ምልክቱን አይሰማውም። እንደተኛ ይቀራል።

እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበትን ሰው ሳይውሉ ሳያድሩ፣ አሁኑኑ፣ ወደ ውጭ አየር ማውጣት፣ በሩንና መስኮቱን ሁሉ መክፈት፣ ፍሙንም ማውጣት ነው። ወተት ማጠጣት፣ ሎሚ ማሽተት ጊዜ ያጠፋል እንጂ ጋዙን ከደሙ አያስለቅቀውም፤ ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም መስጠት አይገባም። በቦንጋና ባካባቢዋ ያለ ሰው ወደ ገብረ ጻድቅ ሻዎ ሆስፒታል፣ ራቅ ያለውም በቅርቡ ወዳለው ጤና ጣቢያ ያድርሰው፤ ኦክሲጅን የሚሰጠው እዚያ ነው። አብረውት የተኙትም «እኛ ደኅና ነን» ቢሉ አይታመኑ፤ አብረው ይመርመሩ። ከሰልን በመኝታ ክፍል ስለ ማጥበቅና ስለ ማላላት አንከራከርም። ጭራሽ አይግባ።

ጥፋቱን ስለ መፈለግ

አንድ ምድጃ ሲያጨስ ሰው ወዲያው ምድጃውን ይሰድበዋል። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የእንጨቱ ነው። አሁን የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው፤ እሳቱ መጀመሪያ የሚሠራው ውሃውን ማፍላት ነው፤ ከዚያ የተረፈው ጉልበት ነው ድስቱን የሚያገኘው። ወፍራም ነጭ ጭስ ካያችሁ ነገሩ እርጥብ ማገዶ መሆኑን እወቁ። በካፋ ዝናቡ ረጅም ስለሆነ ማገዶ የሚቆረጠው፣ የሚፈለጠውና የሚከመረው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ደረቅ ወራት ነው። ባሕር ዛፉም፣ ከጉቶው የተቆረጠው ያረጀ የቡና ግንድም፣ ክንድ በማይበልጥ ውፍረት ተፈልጦ፣ ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ፣ ጣራ ባለበት፣ ነፋስ በሚያገኝበት ይቀመጥ። በሐምሌ እርጥብ እንጨት ይዞ ምድጃ መለወጥ ገንዘብ ማባከን ነው።

እንጨቱ ደርቆም ካጨሰ የአየሩን መግቢያ እንመልከት። እሳት ከታች አየር ካላገኘ ይታፈናል፤ ነበልባሉ ይቀላል፣ የድስቱ ቂጥ በጥላሸት ይጠቁራል። አመዱ ሞልቶ አፉን ዘግቶት እንደሆነ መጥረግ ብቻ ይበቃል፤ የማገዶ ማስገቢያውንም በእንጨት መጠቅጠቅ አይገባም። እሳት ለማያያዝ ፌስታልና የጎማ ቁራጭ የሚጠቀሙ አሉ፤ ይህ መርዝ ማጨስ ነው፤ ጭራሮ ምን ጠፍቶ?

ከዚያ በኋላ የጭሱን መውጫ እንፈትን። ሞቃት አየር ወደ ላይ ይሄዳል፤ ስለዚህ መውጫው ከላይ፣ ንጹሕ አየር መግቢያውም ከታች መሆን አለበት። መስኮት አለ ማለት ብቻ አይበቃም፤ በመቀመጫ ልክ ያለች ትንሽ መስኮት ጭሱን አታወጣውም። እሳቱ ነድዶ ሳለ ዕጣን ወይም የሚጨስ ሣር ይዞ በበሩና በመስኮቱ አጠገብ ቆሞ ማየት ነው፤ ጭሱ ወዴት እንደሚሳብ ይታያል። ደግሞ አንድ ነጭ ጨርቅ እናትየዋ በምትቀመጥበት በራስ ልክ ለሦስት ቀን መስቀል፤ በሦስተኛው ቀን ከጠቆረ የልጁ ሳንባም ያንኑ አየር እየሳበ ነው። በግድግዳውና በጣራው መካከል ዙሪያውን ስንዝር ያህል ክፍት መተው፣ ወይም በሁለት ትይዩ ግድግዳዎች ላይ ከፍ ያለ መስኮት ማውጣት ብዙ ቤት ያድናል፤ ወጪውም የአንድ ቀን ጉልበት ነው። ማድ ቤቱ ከመኝታው ቤት ቢለይ ደግሞ ከሁሉ ይሻላል። በሣር ክዳን በኩል የቆርቆሮ ጭስ ማውጫ ማውጣት ግን ባለሙያ የሚጠይቅ ነው፤ የጋለ ቆርቆሮ ሣር ከነካ ቤቱ ይሄዳል።

መጠገንና መለወጥ

ምርጥ የሚባለው የእንጀራ ምድጃ ከሲሚንቶና ከአሸዋ ወይም ከቀይ አፈር ድንጋይ በክፍል በክፍል የሚሠራ ነው፤ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ግማሽ ያህል ማገዶ ይቆጥባል። ይህ ቁጠባ የሚገኘው ግን እሳቱ ታጥሮ ሲቀመጥ ነው። በክፍሎቹ መጋጠሚያ፣ ወይም በምጣዱና በምድጃው ከንፈር መካከል ክፍተት ካለ ሙቀቱም ጭሱም በዚያ ይወጣል። ይህ በአመድና በጭቃ በደንብ ተለውሶ ሲመረግ ይድናል፤ በየጊዜውም መታየት አለበት። ጠጉር የመሰለ ስንጥቅም አያስደነግጥም። ነገር ግን አንዱ ክፍል ሁለት ላይ ከተሰበረ፣ የድስት ማስቀመጫው እየተፈረፈረ ድስቱን ካዘነበለ፣ ምጣዱም ተስተካክሎ አልቀመጥ ካለ፣ መጠገኑ ይቅር፤ የፈላ ውሃ በልጅ ላይ ከሚገለበጥ ምድጃ መግዛት ይሻላል። የሚቻል ከሆነ የተሰበረውን ክፍል ብቻ መግዛት ይሞከር።

ላቀች የተባለው የከሰል ምድጃ ከውጭ ቆርቆሮ፣ ከውስጥ ሸክላ ነው። ሸክላው ከተሰነጠቀ ሸክላው ብቻ ይለወጣል፤ ቆርቆሮው በዝገት ከተበሳና እግሩ ከላላ ግን አዲስ ሸክላ ማስገባት ለአሮጌ ቀሚስ አዲስ ጥለት እንደ መስፋት ነው።

በቦንጋ ከተማ መብራት የገባለት ቤተሰብ የኤሌክትሪክ ምጣድ ይጠቀማል። ጭስ የለውም፤ በዚህ በኩል ከሁሉ ይበልጣል። ሲበላሽ ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው በሸክላው ሥር ባለው ቦይ የተዘረጋው ሽቦ ነው። የተበጠሰውን ጠምዝዞ መቀጠል ለጥቂት ቀን ይሠራል፤ መጋጠሚያው ላይ እንደገና ይቃጠላል። ስለዚህ ሽቦውን ሙሉ በሙሉ ማስለወጥ ነው፤ ርካሽ ጥገና ነው። ሸክላው ራሱ ከተሰነጠቀ ግን ሊጡ ወደ ሽቦው ይወርዳል፤ እዚህ ላይ ጥገና የለም፤ ሸክላው ይለወጥ። ምጣዱ 3,500 ዋት ገደማ ስለሚስብ በቀጭን ገመድ፣ ከሌላ ዕቃ ጋር በአንድ ማከፋፈያ ላይ መሰካት እሳት ያመጣል። ገመዱ ወይም ሶኬቱ ሲግል በእጅ ከተሰማ ምጣዱ አይደለም የተበላሸው፤ መስመሩ ነው።

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይባላል። ለወጡ እውነት ነው። ለሳንባውስ? እዚህ ላይ ሳናጋንን መናገር ይገባናል። በጓቲማላ አገር ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ ለቤተሰቦች ተሰጥቶ፣ ሕፃናቱ የሚስቡት ጭስ በአማካይ በግማሽ መቀነሱ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2011 ዓ.ም. በወጣ ጥናት ታይቷል። በማላዊ ግን ከዐሥር ሺሕ በሚበልጡ ሕፃናት ላይ የተደረገና እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2016 ዓ.ም. የወጣ ሌላ ጥናት፣ የተሻሻለው የማገዶ ምድጃ ብቻውን የሳንባ ምችን እንዳልቀነሰ አሳይቷል። ምክንያቱም ሰው አዲሱን ምድጃ ይዞ አሮጌውንም ጎን ለጎን ያነድዳል፤ ቆሻሻ በደጅ ይቃጠላል፤ የጎረቤት ጭስም ይገባል። ስለዚህ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ የገዛ ሰው እንጨቱን ቆጠበ፤ ደኑንም፣ የሴቶችንም ጀርባ አሳረፈ። አየሩን ግን ገና አልገዛም፤ መውጫውን ካላበጀ፣ ጉልቻውንም ካልነቀለ በቀር።

ገንዘብ አንሶ አንዱን ብቻ መምረጥ ግድ ከሆነ እንዲህ እንላለን፤ በመጀመሪያ ደረቅ ማገዶ፣ ከዚያ ከፍ ያለ መውጫ፣ ከዚያ ምድጃው። መብራት ያለው ደግሞ ቢያንስ እንጀራውን በኤሌክትሪክ ይጋግር፤ ረጅሙና ብዙ የሚያጨሰው ሥራ እሱ ነውና። ልጅ እንዲሞቅ ብሎ ከምድጃው ዳር ማስቀመጥ ይቅር፤ ደረቅ ልብስ አልብሶ በበሩ በኩል ማቆየት ይበቃል። ሕፃን ልጅ እያሳለ ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ወይም ሲተነፍስ ከጎድኑ በታች ያለው ወደ ውስጥ ከገባ፣ ያን ቀን ምድጃ አንመለከትም፤ ቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ነው።

አዲስ የሲሚንቶ ምድጃ የሚገዙ ሰዎች ሠሪውን መቼ እንደ ሠራው ይጠይቁት። ሲሚንቶ ከተፈሰሰ በኋላ ቢያንስ ሰባት ቀን ውሃ እየጠጣ መቆየት፣ ከዚያም በጥላ መድረቅ አለበት፤ ትናንት ተሠርቶ ዛሬ እሳት የገባበት ምድጃ በወሩ ይሰነጠቃል። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት እሳቱ ቀለል ያለ ይሁን። ከተቻለም ግዢው በጥር ወር ይደረግ፤ ያን ጊዜ ምድጃውም ማገዶውም አብረው ይደርቃሉ።